ግቢው የእኛ፣ ጠርዙ የሕዝብ

በእንግሊዝ አገር መኪናን ከደጅ ለማስገባት ምን ፈቃድ፣ ምን ያህል ገንዘብ ይጠይቃል?

አማቴ ከመኪና ወርደው ቤታችን እስኪገቡ ድረስ አንድ ጀበና ቡና ይፈላል ብል ብዙም አላጋነንኩም። ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ለንደን ውስጥ ደግሞ መኪና የሚቆመው በፈለጉበት ሳይሆን በተገኘበት ነው። ማታ ከሥራ ስንመለስ መንገዳችን ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ ስለሚጠብቀን ሁለት ጎዳና አልፈን እናቆማለን። ከዚያ ልጆቹ የአስቤዛውን ከረጢት፣ ባለቤቴ የእናቱን ክንድ፣ እኔ ዣንጥላውን ይዘን ጉዞ እንጀምራለን።

ኅዳር ላይ አንድ ምሽት፣ ዝናቡ ሳያቋርጥ ሲወርድ፣ አማቴ መንገድ ላይ ደከማቸውና የሰው አጥር ግንብ ላይ ተቀመጡ። "አይዟችሁ፣ አሁን እነሣለሁ" አሉን። ጥቂት ቆይተው ደግሞ እንደ ቀልድ፣ "አዲስ አበባ እኮ መኪናው እስከ በረንዳው ይገባ ነበር" አሉ። ባለቤቴ ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደውም። ጠዋት ሲነሣ ውሳኔው አልቋል፤ የፊት ለፊቱ አጥር ይፈርሳል፣ ግቢው ይነጠፋል፣ መኪናው ከደጃችን ይገባል።

እኔም አልተቃወምኩም። ቤቱን የገዛነው እኛ፣ የባንኩን ዕዳ በየወሩ የምንከፍለውም እኛ ነን። በገዛ ግቢያችን ማን ምን ያገባዋል? በዕድር የምናውቀው ግንበኛ በሁለት ቅዳሜና እሑድ አጥሩን አፍርሶ፣ ፍርስራሹን አስወግዶ፣ ግቢውን በኮንክሪት ሞላልን። ሁሉም ተደምሮ 4,600 ፓውንድ ወጣ። መጀመሪያ መኪናውን ያስገባን ቀን ጎማው የእግረኛውን መንገድ ጠርዝ ሲወጣ "ድም" ብሎ ነበር፤ ማንም ልብ አላለውም። አማቴ በሩ ሥር ሲወርዱ እልል አሉ።

ልብ ያለችው ጎረቤታችን ነበረች። ዕድሜዋ የገፋ፣ ጽጌረዳዎቿን የምትወድ እንግሊዛዊት ናት። ፈገግ ብላ፣ "ድሮፕድ ከርቡን ካውንስሉ መቼ ይሠራላችኋል?" አለችን። እኔ ቃሉንም ሰምቼው አላውቅም። ባለቤቴ ደግሞ ነገር ፍለጋ መሰለው። ከሦስት ሳምንት በኋላ ከካውንስሉ ደብዳቤ ደረሰን፤ ያለፈቃድ በእግረኛ መንገድ ላይ መኪና እየነዳችሁ ነው፣ አቁሙ የሚል። ደንግጠን ማመልከቻ አስገባን። ባለሙያ መጥቶ ለካ። መልሱ "አይፈቀድም" ሆነ።

ይህን የምጽፈው ብሶቴን ለመናገር አይደለም፤ ካውንስሉም አልበደለንም። መጨረሻ ላይ መደረግ የነበረበትን መጀመሪያ ያደረግነው እኛ ነን። በየማኅበሩና በየልደቱ ስናወራው ግን በዚህ መንገድ ገንዘቡን የበተነው የእኛ ቤት ብቻ እንዳልሆነ ተረዳሁ። እናንተም ግቢያችሁን ለመኪና ልታዘጋጁ ካሰባችሁ መዶሻ ከመነሣቱ በፊት የሚከተለውን አንብቡ። የምነግራችሁ በእንግሊዝ ስለሚሠራው ነው፤ በስኮትላንድ፣ በዌልስና በሰሜን አየርላንድ ሕጉ የራሱ ልዩነት አለው።

ጠርዙ የማን ነው?

ድሮፕድ ከርብ የሚባለው የእግረኛው መንገድ ጠርዝ ድንጋይ ዝቅ ተደርጎ፣ የእግረኛው መንገድም መኪና እንዲሸከም ተጠናክሮ፣ ከአስፋልቱ ወደ ግቢ መግቢያ ሲበጅ ነው። ካውንስሎች "ቬሂክል ክሮስኦቨር" ወይም "ቬሂክል ክሮሲንግ" እያሉም ይጽፉታል፤ ድረ ገጻቸው ላይ ስትፈልጉ ሦስቱንም ስሞች ሞክሩ።

ነገሩ የሚመነጨው ከአንድ ቀላል እውነት ነው። ግቢው የእናንተ ቢሆንም በግቢያችሁና በአስፋልቱ መካከል ያለው የእግረኛ መንገድ የሕዝብ ነው። የሚያስተዳድረው የመንገድ ባለሥልጣኑ ነው፤ በለንደን ይህ ማለት አብዛኛውን ጊዜ የክፍለ ከተማችሁ ካውንስል ነው። በቀይ መስመር የሚታወቁት ዋና ዋና መንገዶች ግን በለንደን ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ሥር ናቸው። ከለንደን ውጭ የወረዳና የካውንቲ ካውንስል ተለያይተው በሚሠሩባቸው አካባቢዎች የመንገዱ ጉዳይ የሚመለከተው ካውንቲውን ነው።

እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣው ሃይዌይስ አክት አንቀጽ 184 ጠርዝ ባለው የእግረኛ መንገድ ላይ መኪናውን አዘውትሮ የሚያሻግር ነዋሪን ይመለከታል። ባለሥልጣኑ ለነዋሪው ማስታወቂያ ሰጥቶ መሻገሪያውን ራሱ ሊሠራና ወጪውን ሊያስከፍለው፣ ወይም የአጠቃቀም ገደብ ሊጥልበት ይችላል። ነዋሪውም ራሱ አስቀድሞ እንዲሠራለት መጠየቅ ይችላል። የአሽከርካሪዎች መመሪያ የሆነው ሃይዌይ ኮድም በቁጥር 145፣ በሕጋዊ መንገድ ወደ ንብረት ለመግባት ካልሆነ በቀር በእግረኛ መንገድ ላይ መንዳትን ይከለክላል። እንግዲህ "የእኔ ግቢ ነው" የሚለው ክርክር የሚሠራው እስከ አጥሩ ድረስ ብቻ ነው።

መጀመሪያ ላይ ይህ ለእኔ ቢሮክራሲ መስሎኝ ነበር። የመጣው ባለሙያ ግን መሬቱን በእግሩ መታ መታ እያደረገ አስረዳን። ተራ የእግረኛ መንገድ የተሠራው ለሰው ክብደት ነው። ከሥሩ የጋዝና የውሃ ቧንቧ፣ የመብራትና የስልክ ገመድ ያልፋል። በየቀኑ ከአንድ ቶን በላይ የሚመዝን መኪና ሲወጣበት ንጣፉ ይሰነጠቃል፣ ሥሩ ያለውም ይጎዳል። በተሰነጠቀው ንጣፍ የሚደናቀፉት ደግሞ የእኔ አማት ዓይነት ሰዎች ናቸው።

አንድ ሳይሆን ሁለት ፈቃድ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የመንገድ ክፍሉ ፈቃድና የፕላኒንግ ፈቃድ የተለያዩ ናቸው። አንዱን ማግኘት ሌላውን አያስገኝም።

የመንገድ ክፍሉ ፈቃድ ለሁሉም ያስፈልጋል። የፕላኒንግ ፈቃድ የሚያስፈልገው ደግሞ እንደ ሁኔታው ነው። ቤታችሁ ያለው ኤ፣ ቢ ወይም ሲ ተብሎ በተመደበ መንገድ ላይ ከሆነ የፕላኒንግ ፈቃድ መጠየቅ አለባችሁ። የምትኖሩት በአፓርታማ ከሆነ፣ ወይም አንድ ቤት ተከፍሎ ፍላት ከሆነ፣ እንዲሁ ነው። ቤቱ በቅርስነት የተመዘገበ ከሆነ ተጨማሪ ፈቃድ ይጠየቃል። ታሪካዊ ገጽታቸው በሚጠበቅ አካባቢዎችም አጥር ለማፍረስ እንኳ ፈቃድ የሚጠየቅበት ጊዜ አለ። ባልተመደበ የመኖሪያ መንገድ ላይ ያለ ተራ ቤት ግን ብዙውን ጊዜ የፕላኒንግ ፈቃድ ሳይጠይቅ መግቢያ ማበጀት ይችላል።

መንገዳችሁ የትኛው ዓይነት እንደሆነ በግምት አትወስኑ። ጸጥ ያለ መንገድ ሁሉ ያልተመደበ አይደለም። ካውንስሉን በኢሜይል ጠይቃችሁ መልሱን በጽሑፍ ያዙ። የፕላኒንግ ማመልከቻ ካስፈለገ ለእንዲህ ዓይነቱ አነስተኛ ጉዳይ ውሳኔ የሚሰጥበት የተለመደው ጊዜ 8 ሳምንት ነው።

ተከራይ ከሆናችሁ የባለቤቱ፣ በካውንስል ወይም በቤቶች ማኅበር ቤት የምትኖሩ ከሆነ ደግሞ የቤቶች ክፍሉ ስምምነት ይቀድማል። መሬቱ በሊዝ የተያዘ ቤት ያላቸውም ውላቸውን ያንብቡ።

ሜትሩን ቀድማችሁ አውጡ

እኛን የጣለን ግማሽ ሜትር ነው። ብዙ ካውንስሎች ከቤቱ እስከ እግረኛው መንገድ ድረስ ቢያንስ 4.8 ሜትር ወይም 5 ሜትር ርዝመት ይጠይቃሉ። ምክንያቱም መኪናው ወደ ቤቱ ቀጥ ብሎ ገብቶ ሲቆም ኋላው ወደ እግረኛው መንገድ መውጣት የለበትም። ኋላው ከወጣ ጋሪ የምትገፋ እናት ወይም በዊልቸር የሚሄድ ሰው ወደ አስፋልቱ ሊወርድ ነው።

ባለቤቴ ለክቶ ነበር። ከግድግዳው እስከ አጥሩ 4.9 ሜትር አገኘና "ይበቃል" አለ። የእኛ ቤት ግን እንደ ብዙዎቹ የድሮ የለንደን ቤቶች ሳሎኑ ወደ ውጭ የወጣ መስኮት አለው። ባለሙያው የለካው ከግድግዳው ሳይሆን ከዚያ መስኮት ነው። 4.3 ሜትር ሆነ። ካውንስላችን የሚጠይቀው 4.8 ነበር። መኪናችን ትንሽ ናት ብለን ብንለምንም፣ "መኪና ይቀየራል፣ መሻገሪያው ግን ከቤቱ ጋር ይኖራል" ተባልን። እውነት ነው።

ከርዝመቱ ሌላ ፈቃድ የሚያስከለክሉ የተለመዱ ነገሮች እነዚህ ናቸው፦

ዛፍ። ካውንስሎች ለአንድ ቤት መግቢያ ሲባል ጤናማ የመንገድ ዛፍ መቁረጥ አይፈልጉም። ሥሩን እንዳይነካ ከግንዱ የተወሰነ ርቀት ይጠይቃሉ።

የመብራትና የስልክ ምሰሶ፣ የማንሆል ክዳን፣ የአውቶቡስ ማቆሚያ። አንዳንዶቹ ይዛወራሉ፤ ወጪው ግን የአመልካቹ ነው።

መገናኛና መታጠፊያ። መግቢያው ለመስቀለኛ መንገድ፣ ለእግረኛ ማቋረጫ ወይም እይታ ለሚከልል ኩርባ በጣም ከቀረበ አይፈቀድም።

የነዋሪዎች ፓርኪንግ። ቤታችሁ ፊት ለፊት በቀለም የተሠመረ የፓርኪንግ ቦታ ካለ ያንን ለማንሣት የትራፊክ ትዕዛዙ መለወጥ አለበት፤ ይህም ጊዜና ገንዘብ ይወስዳል። አንድ መግቢያ ሲከፈት ከመንገዱ ላይ ለሁሉም የነበረ አንድ ማቆሚያ ይጠፋል። ፓርኪንግ በጠበበባቸው አካባቢዎች ካውንስሎች ጥብቅ የሚሆኑት ለዚህ ነው።

ስፋቱንም አስቡ። አንድ የጠርዝ ድንጋይ 91 ሴንቲሜትር ያህል ርዝመት አለው። ለአንድ መኪና የተለመደው መግቢያ ሦስት ወይም አራት ዝቅ ያሉ ድንጋዮችና በግራና በቀኝ አንድ አንድ ተዳፋት ድንጋይ ነው። አራት ድንጋይ ዝቅ ቢደረግ ከተዳፋቶቹ ጋር አምስት ሜትር ተኩል ገደማ ይሆናል። የጎረቤታችሁ መግቢያ ቅርብ ከሆነ ሁለቱ እንዴት እንደሚገናኙ ካውንስሉ ያያል።

ገንዘቡ የት የት ይሄዳል?

ዋጋው ከካውንስል ካውንስል፣ ከቤት ቤት ይለያያል። "የእገሌ ቤት በዚህን ያህል አለቀ" በሚል ወሬ በጀት አትያዙ። ወጪው ግን በእነዚህ ክፍሎች ይመጣል።

አንደኛው የማመልከቻና የመለኪያ ክፍያ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከመቶ እስከ ጥቂት መቶ ፓውንድ ይደርሳል፤ ቢከለከልም በብዙ ቦታ አይመለስም። ይህ ሲሰማ ያማል፤ ዳሩ ግን 4,600 ፓውንድ ኮንክሪት ላይ ካፈሰሱ በኋላ "አይፈቀድም" ከመባል ይህን ከፍሎ ቀድሞ ማወቅ ይሻላል።

ሁለተኛው የመሻገሪያው ግንባታ ነው። ለአንድ መኪና ተራ መግቢያ ከ1,000 እስከ 3,000 ፓውንድ መስማት የተለመደ ነው። የእግረኛው መንገድ ሰፊ ከሆነ፣ የሣር መስመር ካለው፣ ወይም ንጣፉ ልዩ ድንጋይ ከሆነ ከዚያ ያልፋል። አንዳንድ ካውንስሎች የሚያሠሩት በራሳቸው ተቋራጭ ብቻ ነው። ሌሎች ደግሞ በመንገድ ላይ የመሥራት ብቃት ማረጋገጫና መድን ያለው ባለሙያ ራሳችሁ እንድትመርጡ ይፈቅዳሉ፤ እንዲህ ከሆነ ሁለትና ሦስት ዋጋ አወዳድሩ። ፈቃድ የሌለው ግንበኛ፣ የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን፣ የእግረኛውን መንገድ መንካት አይችልም።

ሦስተኛው ማዛወሪያ ነው። የመብራት ምሰሶ፣ የስልክ ሣጥን ወይም የፓርኪንግ መስመር መነሣት ካለበት ይህ ብቻውን ከግንባታው ሊበልጥ ይችላል። ከማመልከታችሁ በፊት ደጃችሁ ቆማችሁ ፎቶ አንሡ፤ በፎቶው ውስጥ የሚታየው ክዳንና ምሰሶ ሁሉ ጥያቄ ያስነሣል።

አራተኛው የፕላኒንግ ክፍያ ነው፣ ካስፈለገ። ነገር ግን ቤቱ ውስጥ ለሚኖር አካል ጉዳተኛ መግቢያን ለማመቻቸት የሚቀርብ ማመልከቻ ከዚህ ክፍያ ነፃ ነው። ይህን ብዙ ሰው አያውቅም።

አምስተኛው የግቢው ንጣፍ ነው። ጠጠር ርካሹ ነው። ከፋፍሎ የሚደረደር ብሎኬት ከዚያ ይወደዳል። ይህ ወጪ መምጣት ያለበት መጨረሻ ላይ፣ ፈቃዱ በጽሑፍ እጃችሁ ከገባ በኋላ ነው።

ዝናቡስ ወዴት ይሂድ?

የእኛ ኮንክሪት ሌላም ጥፋት ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ2007 በጋ እንግሊዝን ከባድ ጎርፍ መታት። በየከተማው የፊት ለፊት ግቢዎች በኮንክሪትና በአስፋልት መሸፈናቸው ዝናቡን ወደ ፍሳሽ ቧንቧው እንደሚገፋው በሰፊው ተነገረ። እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 1 ቀን 2008 ጀምሮ ደንቡ ተለወጠ። በቤቱና በመንገዱ መካከል ያለ ግቢ ከ5 ካሬ ሜትር በላይ ውሃ በማያሳልፍ ነገር ከተሸፈነ፣ ውሃውም በራሱ ግቢ ውስጥ ወደ አፈር ካልሄደ፣ የፕላኒንግ ፈቃድ ይጠየቃል።

መኪና የሚያቆም ግቢ ሁሉ ከ5 ካሬ ሜትር ይበልጣል። ስለዚህ መፍትሔው ቀላል ነው፤ ወይ ውሃ የሚያሳልፍ ንጣፍ፣ ለምሳሌ ጠጠር ወይም ለዚሁ የተሠራ ብሎኬት፣ ወይም ውሃውን ወደ አበባ መደብ የሚመራ ተዳፋት። ዝናቡን ወደ እግረኛው መንገድ መልቀቅ አይቻልም። ክረምት ላይ ያ ውሃ በረዶ ሆኖ የሚጥለው መንገደኛ አለ።

በር አንኳኩቶ የሚመጣ ርካሽ ዋጋ

"እዚሁ ሰፈር ስንሠራ አስፋልት ተርፎናል፣ በግማሽ ዋጋ እንሥራላችሁ" የሚል ሰው በራችሁን ካንኳኳ በትሕትና ሸኙት። በዚህ አገር የታወቀ ማታለያ ነው። የሚያምነን ሰው ቤት እንግዳ ሆኖ መመለስ ለእኛ ነውር ስለሚመስለን በተለይ ወላጆቻችን ይጠመዱበታል።

ከታወቀ ሰውም ጋር ቢሆን ዋጋውን፣ የሚሠራውንና የሚያልቅበትን ቀን በጽሑፍ አድርጉ። ውሉን ቤታችሁ ውስጥ ከፈረማችሁ አብዛኛውን ጊዜ በ14 ቀን ውስጥ ሐሳባችሁን የመለወጥ መብት አላችሁ። ከ100 ፓውንድ በላይ እስከ 30,000 ፓውንድ ለሚያወጣ ሥራ በክሬዲት ካርድ ከፍላችሁ ሥራው ቢበላሽ፣ ሕጉ ባንኩንም አብሮ ተጠያቂ ያደርገዋል። ሙሉውን ገንዘብ አስቀድማችሁ አትክፈሉ።

ከተሠራ በኋላስ?

ገንዘቡን ብትከፍሉም መሻገሪያው የእናንተ አይሆንም። የሕዝብ መንገድነቱ እንዳለ ይቀጥላል። የተገዛው ነገር በላዩ ላይ አልፎ የመግባት ፈቃድ ነው። መሻገሪያው ላይ መኪና ማቆምም አይፈቀድም፤ ለባለቤቱም ጭምር። ለንደን ውስጥ ምልክት ካልፈቀደ በቀር በእግረኛ መንገድ ላይ ማቆም ክልክል ነው።

ሌላ ሰው ደጃችሁን ዘግቶ ቢያቆም ለካውንስሉ ደውላችሁ ማስቀጣት ትችላላችሁ። አንዳንዶች ተጨማሪ ከፍለው ነጭ መስመር ያስሠምራሉ፤ መስመሩ ማሳሰቢያ ነው። የፈቃዱን ወረቀትም በደንብ አስቀምጡ። ቤቱን የምትሸጡ ቀን የገዢው ጠበቃ ይጠይቃችኋል።

የኤሌክትሪክ መኪና የያዙ ወዳጆቻችን ደግሞ ሌላ ምክንያት አላቸው፤ ማታ በቤት መብራት መሙላት ይረክሳል። መኪናው ግቢ ካልገባ ገመዱን በእግረኛው መንገድ ላይ መዘርጋት መፍትሔ አይደለም፤ ሰው ይጥላል። አንዳንድ ካውንስሎች ገመዱ በመንገዱ ውስጥ በተቀበረ ቦይ እንዲያልፍ ስለሚፈቅዱ፣ ግቢያችሁ ለመኪና ባይበቃም ይህን ጠይቁ።

የአማቴ መቆሚያ

ወደ እኛ ታሪክ ልመለስ። ማመልከቻችን ወድቆ፣ አጥራችን ፈርሶ፣ ገንዘባችን ኮንክሪት ሆኖ ተቀመጥን። ባለቤቴ ለሳምንት አኮረፈ። ግንበኛውን ልንወቅስ ስንል "እኔን ያላችሁኝ ንጣፍ፤ ፈቃዱን ጨርሳችኋል ብዬ ነው" አለን። አልተሳሳተም።

መፍትሔውን ያመጣችው ያቺው ጎረቤታችን ናት። አንድ ቀን አማቴን በከዘራ ሲወጡ አይታ፣ "ብሉ ባጅ አላቸው?" አለችኝ። መራመድ ለሚቸግራቸው ሰዎች የሚሰጥ የመኪና ማቆሚያ ካርድ ነው፤ በእንግሊዝ ክፍያው ከ10 ፓውንድ አይበልጥም። ከሐኪም የተጻፈላቸውን ይዘን አመለከትን፤ ተሰጣቸው። ካርዱ ከተሰጠ በኋላ ደግሞ፣ ግቢ ውስጥ ማቆሚያ ለሌለው ቤት፣ ካውንስሉ ደጃፍ ላይ የአካል ጉዳተኞች ማቆሚያ እንዲያሠምር መጠየቅ እንደሚቻል አወቅን። ወራት ፈጀ። ግን አንድ ጠዋት ሠራተኞች መጥተው ከቤታችን ፊት ለፊት ነጭ ሣጥን ሣሉ። ከእኛ አንድ ፓውንድ አልወጣም።

ያን ዕለት ባለቤቴ ሣጥኑን እያየ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ፣ "የፈለግነው እኮ መኪናው እንዲገባ አልነበረም። እማዬ እንድትገባ ነበር" አለ። ለካ ጥያቄያችንን መጀመሪያ በትክክል ጠይቀነው ቢሆን ኖሮ መልሱ ደጃችን ላይ ነበር።

ሣጥኑ የግላችን አይደለም። ካርድ ያለው ማንም ሰው ሊያቆምበት ይችላል። አንድ ምሽት ስንመለስ የማናውቀው መኪና ቆሞበት አገኘን፤ መስታወቱ ላይ ሰማያዊው ካርድ ይታያል። ባለቤቴ ሊበሳጭ ሲጀምር አማቴ ከኋላ ወንበር፣ "ተወው ልጄ፣ የሰውም ጉልበት ጉልበት ነው" አሉት። ያን ማታ ትንሽ ርቀን አቆምን፤ ቀስ ብለን ተራመድን።

ኮንክሪቱን በፀደይ አስነሣነው። በቦታው ጠጠርና አፈር ገባ። አማቴ አሁን ወንበር አውጥተው እዚያ ይቀመጣሉ። ጎመን ተክለዋል፤ ጥግ ላይ ጤና አዳም በቅሏል። ጎረቤታችን በበኩሏ አንድ የጽጌረዳ ችግኝ ሰጥታናለች። ቡና ሲፈላ እሷንም መጥራት ለምደናል።

መዶሻ ከማንሣታችሁ በፊት

1. የምትፈልጉት ምን እንደሆነ ለዩ። ጉዳዩ የአረጋዊ ወይም የአካል ጉዳተኛ ከሆነ ብሉ ባጅና የደጃፍ ማቆሚያ መጀመሪያ ይታዩ።

2. ቤቱ ከመንገዱ እስከሚርቅበት ድረስ ለኩ፤ ወደ ውጭ ከወጣው መስኮት ወይም ከደረጃው ጀምራችሁ።

3. የካውንስላችሁን የመሻገሪያ መመሪያ ከድረ ገጹ አውርዳችሁ ልካችሁን አስተያዩ።

4. የመንገዳችሁን ምድብና የፕላኒንግ ፈቃድ ማስፈለጉን በጽሑፍ ጠይቁ።

5. ዛፍ፣ ምሰሶ፣ ክዳንና የፓርኪንግ መስመር ካለ ፎቶ አንሡ፤ የማዛወሪያ ዋጋ ጠይቁ።

6. ፈቃዱ በጽሑፍ እስኪደርስ ለግንበኛ ቀብድ አትስጡ።

7. ንጣፉ ውሃ የሚያሳልፍ ይሁን።

8. ከጎረቤት ጋር ተነጋገሩ። ቀድሞ የሚያውቀው እሱ ሊሆን ይችላል።